የገሎቹ ጀርባ

ሸክላ የሚሠራ ሰው እጁና ዓይኑ ቀኑን ሙሉ ከጭቃው ጋር ናቸው፤ ጆሮው ግን ሥራ ፈት ነው። ለዚህም ነው የዚያ የሸክላ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች አንባቢ የሚቀጥሩት። አንባቢው መስኮቱ ሥር ባለችው ረጅም ወንበር ላይ ይቀመጥና ጠዋት ጋዜጣ፣ ከሻይ በኋላ ደግሞ መጽሐፍ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብላቸዋል። እነሱ ያቦካሉ፣ ያሾራሉ፣ ያለስልሳሉ፤ እሱ ያነባል። ደስ ያላቸው ቦታ ላይ «ይድገሙልን» ይሉታል፤ የማይጥማቸው ሲሆን ደግሞ ጭቃው የሚሾርበት መዘውር በኃይል መንጫጫት ይጀምራል።

የዚያን ጊዜው አንባቢ ጡረታ የወጣ የታሪክ አስተማሪ ነበር። ሁሉም «ጋሼ» ይሉታል። መነጽሩ እንደ ጠርሙስ ቂጥ የወፈረ ነው፤ ያም ሆኖ መጽሐፉን አፍንጫው ላይ ካላስጠጋ አያነብም። ድምፁ ግን የሚጣፍጥ፣ ሲያዝን የሚያሳዝን፣ ሲቆጣ የሚያስደነግጥ ነበር። አንድ የፍቅር ታሪክ አንብቦ ሁሉንም ካስለቀሰ በኋላ፣ በማግስቱ ጡብ የሚያህል መጽሐፍ ታቅፎ መጣ።

«ይኼ ደግሞ ምንድነው ጋሼ?» አለች ሳቂታዋ። የጀበናና የማሰሮ እጀታ የምትቀጥለው ልጅ ናት፤ ስሟን ረስተውት «ሳቂታዋ» ይሏታል።

«የምዕራባውያን የፖለቲካ አስተሳሰብ ታሪክ።»

«ውይ! እንቅልፍ ሊያመጡብን ነው!»

«ስሙ ነው የከበደው እንጂ ነገሩ ቀላል ነው» አለ ጋሼ። «ማን ማንን ይግዛ፣ በምን መብት ይግዛ፣ እስከ መቼ ይግዛ የሚል ጭቅጭቅ ነው። ሁለት ሺህ ከምናምን ዓመት ተጨቃጭቀውበታል።»

«እኛስ መቼ አቆምን?» አለ ሸክላውን በምድጃ የሚተኩሰው። ሲናገር ጣሪያው ስለሚንቀጠቀጥ «ነጎድጓድ» የሚሉት ሰው ነው። ሁሉም ሳቁ።

እውነቱን ነበር። የመሥሪያ ቤቱ ባለቤት ልጅ ሳይወልድ ሲሞት ቤቱን ለዘጠኙ ሠራተኞች በጋራ ትቶላቸው ነበር የሞተው። አለቃ የለም። አለቃ የለም ማለት ግን ማዘዝ የሚወድ ሰው የለም ማለት አልነበረም።

በመካከላቸው በዕድሜም በሙያም የምትበልጠው እትዬ ነበረች። ትልልቁን እንስራና ማሰሮ በመዘውር የምታወጣው እሷ ብቻ ናት። ጭቃው እጇ ውስጥ ሲገባ እንደ ሕፃን ልጅ ዝም ይላል። ታናሽ ወንድሟም እዚያው ነው፤ ከተተኮሰ በኋላ ዕቃውን ቀለም የሚቀባው እሱ ነው። እናታቸው ስትሞት ገና ድክ ድክ የሚል ነበር፤ እትዬ ናት አዝላ ያሳደገችው፣ ሙያም ያስተማረችው። እስከ ዛሬም አንድ ቤት ነው የሚኖሩት። «ወንድምዓለም» ትለዋለች፣ ፀጉሩ ሸብቶም።

መጽሐፉ እንደተፈራው አላስተኛቸውም። እንዲያውም ለአሳቢዎቹ ቅጽል ስም ያወጡላቸው ጀመር። ገዢ የሆነ ሰው መወደድና መፈራት አንድ ላይ ካልሆኑለት መፈራት ይሻለዋል ያለውን «ተንኮለኛው» አሉት። ኃይለኛ ገዢ ከሌለ ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ይበላላል፣ ስለዚህ ሁሉም ጉልበቱን ለአንድ ያስረክብ ያለውን ደግሞ «ፈሪው» አሉት። ገዢ አደራ ተቀባይ ነው፣ አደራውን ከበላ ይነሣ ያለው «ውል አዋቂው» ተባለ።

«እኔ በበኩሌ ከፈሪው ጋር ነኝ» ይላል ነጎድጓድ፣ እንጨት እየማገደ። «እኔን እዩኝ፣ የሚቆጣኝ ባይኖር ሁላችሁንም እበላችሁ ነበር።»

«አንተማ አሁንም እየበላኸን ነው» ትለዋለች እትዬ።

በእሷ ሐሳብ የቤቱ ችግር እሱ ነበር። ይጮሃል፣ ይሳደባል፣ በር ወርውሮ ይዘጋል። የዚያን ሰሞን ደግሞ ነገሩ ሁሉ ተበላሽቶ ነበር። ሰዎቹ መነጋገር አቁመዋል። አንዱ ያቦካውን ጭቃ ሌላው «ጠጠር አለበት» ብሎ ይደፋዋል። የተበላሸ ዕቃ ጓሮ ላይ እየተከመረ ኮረብታ አክሏል። ደንበኛ መራቅ ጀመረ። ሁለቱ ሠራተኞች ሌላ ሥራ እየፈለጉ እንደሆነ ይወራል፤ ሁለት ሰው ከወጣ ደግሞ ቤቱ ይዘጋል። እትዬ ይህ ቤት ቢዘጋ የት እንደምትሄድ አታውቅም። ሌላ ሕይወት ኖራ አታውቅማ።

እንግዲህ ጋሼ ስለ ገሎቹ ያነበበው በዚህ መካከል ነው።

የጥንት ግሪኮች፣ አለ ጋሼ፣ አንድ ሰው በመካከላቸው ገንኖ አላስኖር ሲላቸው፣ ወይም ሁለት ቡድኖች ተናንቀው ከተማቸው ሊፈርስ ሲል፣ አደባባይ ይወጡና እያንዳንዱ ሰው በሸክላ ስባሪ ላይ፣ በገል ላይ ማለት ነው፣ ይሂድልኝ የሚለውን ሰው ስም ይጭራል። ክስ የለም። ምስክር የለም። መከላከያ የለም። ገሎቹ ይቆጠራሉ፤ ብዙ የወጣበት ሰው ለአሥር ዓመት ከአገር ይወጣል። ንብረቱ አይነካም፣ ክብሩም አይነካም። ጊዜው ሲያልቅ ተመልሶ ይኖራል።

መዘውሩ ቆመ። ጭቃ አቡኪው እንኳ እግሩን ከጭቃው አውጥቶ ቆመ።

«በገል?» አለች ሳቂታዋ። «በእኛ ዕቃ?»

«በገል።»

ሁሉም በመስኮቱ ወደ ጓሮው ኮረብታ ተመለከቱ። መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ ነጎድጓድ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ለምን አንሞክረውም?» አለ።

ጋሼ ደነገጠ። «ኧረ ጎበዝ! እኔ ታሪክ ነው ያነበብኩላችሁ! ራሳቸው ግሪኮቹም በኋላ ትተውታል እኮ!»

«እኛም በኋላ እንተወዋለን» አለ ነጎድጓድ።

የእትዬ ወንድም «ጥሩ ሐሳብ ነው፤ እትዬም የምትስማማ ይመስለኛል» አለ። እትዬ በእርግጥ ተስማማች። በልቧ ነጎድጓድ የገዛ ጉድጓዱን ቆፈረ ብላ ነበር። አሥር ዓመት በዝቷል ብለው አንድ ዓመት አደረጉት፤ የሚሄደው ሰው ድርሻው አይነካም፣ ቦታውም ይጠበቅለታል። ከውጤቱ በኋላም ማንም ቃል አይተነፍስም ተባባሉ።

አንድ ነገር ብቻ አስቸገራቸው። ሁሉም የሁሉንም እጅ ያውቃል፤ ገሉን ያየ ሰው ማን እንደጫረው ወዲያው ይለያል። ስለዚህ ቆጣሪው ከውጭ ይሁን ተባለ። ከውጭ ያለው ጋሼ ብቻ ነው። ሌሎቻቸው ከግድግዳው ተጠግተው ይቆማሉ እንጂ ወደ ጠረጴዛው አይቀርቡም። ስም በመጻፍ ፋንታ ደግሞ ምልክት ይጫር ተባለ። እያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ ምልክት አለው፤ ሽርጡን የሚሰቅልበት ችንካር በላይ ተሥሏል። የእትዬ ግማሽ ጨረቃ ነው፣ የወንድሟ ዓሣ፣ የነጎድጓድ ሦስት ማዕዘን፣ የሳቂታዋ ኮከብ፤ የሌሎቹም እንዲሁ።

በየተራ ጓሮ ወጡ። ገል መረጡ፣ በምስማር ጫሩ፣ ቅርጫቱ ውስጥ ጣሉ። እትዬ ከአንድ ማሰሮ አፍ የተሰበረ ስባሪ አንሥታ ሦስት ማዕዘን ጫረችበት።

ጋሼ ቅርጫቱን ጠረጴዛው ላይ ገለበጠና አንዱን ገል አንሥቶ አፍንጫው ላይ አስጠጋ።

«ግማሽ ጨረቃ» አለ።

እትዬ ፈገግ አለች። ነጎድጓድ ነው፣ ሌላ ማን ይሆናል።

«ግማሽ ጨረቃ።»

ጭቃ አቡኪው ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ሦስት ማዕዘን። ግማሽ ጨረቃ። ግማሽ ጨረቃ። ዓሣ። ግማሽ ጨረቃ…» የጋሼ ድምፅ እያነሰ፣ እያነሰ ሄደ። የመጨረሻዎቹን ሁለት ገሎች ሲያነሣ ድምፁ አልተሰማም፤ ከንፈሩ ብቻ ነው የተንቀሳቀሰው። ከንፈሩ ግን ግማሽ ጨረቃ ነው ያለው።

አንድ ሦስት ማዕዘን። አንድ ዓሣ። የቀረው ሁሉ እሷ።

እናንተ፣ ሰው መሬት ከእግሩ ሥር ከዳችው ሲባል ትሰማላችሁ። እትዬም የዚያን ጊዜ እንደዚያ ሆነባት። ጆሮዋ ውስጥ መዘውር ይሾር ጀመር። ወደ ሰዎቹ ዞራ አንድ በአንድ አየቻቸው። ሳቂታዋ አልሳቀችም፤ አፏን በጭቃማ እጇ ይዛ ፊቷ ሁሉ ጭቃ ሆኗል። ነጎድጓድ ዓይኑ ፈጥጦ ቀርቷል። ወንድሟ ደም የሚባል ፊቱ ላይ የለም። ሁሉም እርስ በርስ ይተያያሉ። ማንም ቃል አይተነፍስም ተባብለዋልና ማንም ቃል አልተነፈሰም።

ሽርጧን ፈታ ከግማሽ ጨረቃው ሥር ሰቀለችና ወጣች።

ቤት ስትደርስ ምን ጎዳኋቸው ስትል ነው ያመሸችው። ማንን ሰደብኩ? የማንን ዳቦ ቀማሁ? ወንድሟ ሻይ አፍልቶ ፊት ለፊቷ አስቀመጠላትና አንድ ቃል ሳይናገር ወደ መኝታው ገባ። አዘነልኝ አለች። ሻዩ ሳይጠጣ ቀዘቀዘ።

በማግስቱ ጠዋት፣ ማንም ሳይመጣ ዕቃዋን ልትሰበስብ ሄደች፦ መቁረጫ ሽቦዋን፣ ስፖንጇን፣ የሟቹ ባሏ የነበረችውን የእንጨት ማለስለሻ። ቤቱ በእርጥብ ጭቃ ሽታ ታፍኗል። ጠረጴዛው ላይ ቅርጫቱ እንደተቀመጠ ነው።

አለመንካት ይገባት ነበር። ግን ማን መሆኑን ሳላውቅ አንድ ዓመት እንዴት እቀመጣለሁ አለች። እጃቸውን ታውቀዋለች፤ አንድ ጊዜ ብታይ ይበቃታል።

የመጀመሪያውን ገል አነሣች። ግማሽ ጨረቃ ነው፤ እውነት ነው። ነገር ግን የጭረቱ ጠርዝ ለስላሳ ነው፣ ጠልቋልም። ጭቃው ሳይደርቅ የተጫረ ነው። በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው።

የገዛ እጇ ነበር።

እሷ የሠራችው ማሰሮ ቂጥ ነው እኮ! በዚህ ቤት የወጣ ትልቅ ዕቃ ሁሉ ቂጡ ላይ የእሷ ግማሽ ጨረቃ አለበት፤ ዕድሜ ልኳን ስትጭረው ኖራለች፣ እነሱም ዕድሜ ልካቸውን ሲያዩት ኖረው ማየት ትተዋል። ለመጻፍ የሚመቸው ደግሞ ጠፍጣፋው ስባሪ ነው፤ ጠፍጣፋው ቂጡ ነው። ለጋሼ ይህን የነገረው የለም። የደከመ ዓይኑ ጠልቆ የተጫረውን አየ፣ ያየውን አነበበ። እነሱ ደግሞ ሩቅ ቆመዋል።

ገሉን ገለበጠችው። በጀርባው እንደ ፀጉር የቀጠነ፣ ነጭ፣ ትኩስ ጭረት አለ።

ዓሣ።

ሁለተኛውን ገለበጠች። ዓሣ። ሦስተኛውን። የሳቂታዋ እጅ ነው፣ ጭራውን ጠምዝዛዋለች፤ ዓሣ። የጭቃ አቡኪው ድፍን ያለ ዓሣ። የነጎድጓድ ዓሣ ገሉን ሊሰነጥቀው ደርሷል። የሚያስቀውን ያህል ትልቅ ነው። ሦስት ማዕዘን ካለበት ከራሷ ገልና ከአንድ ሌላ በቀር ሁሉም ዓሣ ነው። ነጎድጓድ ይሂድልኝ ያለ እሷ ብቻ ናት! እንዲሄድ የፈለጉት ወንድሟን ነው። ያዘለችውን ልጅ።

ያ አንድ ሌላው ገል ከማሰሮ ሆድ የተሰበረ ነው፤ በጀርባውም በፊቱም የሠሪ ምልክት የለበትም። የተጫረው ግማሽ ጨረቃ ነው፤ ቀጭን፣ ነጭ፣ የትናንት ጭረት። በእውነት በእሷ ላይ የተጣለው ድምፅ ይሄ ብቻ ነው። አፉ ግን ወደ ግራ የተከፈተ ጨረቃ ነው።

በዚያ ቤት ግራኝ አንድ ሰው ብቻ አለ። ምስማር አያያዝ ያስተማረችው ራሷ ናት።

ቁጭ አለች፤ ወንበር ላይ ሳይሆን መሬቱ ላይ። ትናንት የደነገጠች መስሏት ነበር። ለካስ ትናንት አልደነገጠችም። ገሉን በሽርጧ ኪስ ከተተችው። ሽርጧን መቼ እንዳወረደችና እንደታጠቀች እንኳ አላወቀችም።

ዝም ብላ መሄድ ትችል ነበር። አንድ ዓመት ምን አላት? እሱም ይቀራል፣ ማንም አያውቅም። ግን ሰባት ሰው እዚህ ቤት ውስጥ ያላደረገውን አድርጓል ተብሎ፣ የፈለገውን ሳያገኝ ሊቀመጥ ነው። ይህን እያሰበች ሰዎቹ አንድ በአንድ ገቡ፤ ጋሼም መጣ። ወንድሟ መጨረሻ ገባ። መሬት ላይ ሲያዩዋት ሁሉም ክው አሉ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እንደገና ይቁጠሩልኝ» አለች ተነሥታ። «አሁን ግን ሁላችሁም ቅረቡ። ገሉንም ይገልብጡት።»

ጋሼ የመጀመሪያውን ገለበጠ። አፍንጫው ላይ አስጠጋ። አራቀው። መልሶ አስጠጋው።

«ዓሣ» አለ፤ መነጽሩን አውልቆ ጠረገው። «ዓሣ። ወይኔ ጉዴ! ዓሣ!»

«እና ትናንት አንድ ዓሣ ብቻ ሲባል…» አለች ሳቂታዋ፣ «እኔ ያ ዓሣ የእኔ ብቻ ነው ብዬ! ሌሎቻችሁ ሁሉ በእትዬ ላይ የተማማላችሁ መስሎኝ እንቅልፍ አልወሰደኝም!»

«የእኔ ነው ብዬ ነበር እንጂ!» አለ ጭቃ አቡኪው።

«ዝም በሉ! የእኔ ነበር!» ብሎ ጮኸ ነጎድጓድ። ሁሉም ያቺ አንዲት ዓሣ የእኔ ናት ብሎ፣ ሌላውን ሁሉ ጠልቶ ነበር ያደረው።

የእትዬ ወንድም በሩ ላይ እንደቆመ ነው። ለመሳቅ ሞከረ። «ምን አድርጌያችሁ ነው?» አለ።

መልስ የሰጠችው ሳቂታዋ ናት። «ሻይ ይቅር ስትለን ‹እትዬ ብላለች› አልከን። የእረፍት ቀን ሲቀነስ ‹እህቴ አትፈልግም› አልከን። የእኔን እጀታ ሰብረህ ስትጥል ‹እትዬ ናት ስበረው ያለችኝ› አልከኝ። እሷን እንዳንጠይቅ ደግሞ ‹ታማለች፣ አታስጨንቋት› ትለናለህ።»

«እኔ?» አለች እትዬ። «እኔ መቼ ነው የማንን ሻይ ይቅር ያልኩት?»

«እኛ እኮ ብለሻል ብለን ነው የቻልነው፤ ከአንቺ እንዳንነጋገር መካከላችን የቆመውን ግን መቻል አቃተን» አለ ነጎድጓድ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። «እኔ የምጮኸው ለምን ይመስልሻል? ትሰሚ እንደሆን ብዬ ነው።»

ስትሰማ የኖረችው ጩኸቱን ብቻ ነበር። በስሟ ሲታዘዝና ሲከለከል የኖረበት ቤት ውስጥ ተቀምጣ አላወቀችም። ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

«ይህቺን ሦስት ማዕዘን የጫረው ማነው ታዲያ?» አለ ነጎድጓድ ገሉን አንሥቶ።

«እኔ ነኝ።»

«እኔም ጠርጥሬሽ ነበር» አለ፤ ደግሞ ሳቀ፣ ሳቁ ግን ተሰብሮ ወጣ።

ጋሼ ገሎቹን በጣቱ እየነካ ይቆጥር ነበር። «አንድ ጎድሏል» አለ። «ዘጠኝ ነበሩ። አንዱ የለም።»

የእትዬ እጅ ኪሷ ውስጥ ነው። የገሉ ስባሪ መዳፏን ወግቷታል። ልትዋሽ አፏን ከፈተች፤ ወድቆ ይሆናል፣ ተሰብሮ ይሆናል ልትል። ወንድሟ አያት። እጇን አየ፣ ኪሷን አየ፣ ያን ጊዜ ገባው።

«የጎደለው የእኔ ነው» አለ። «እህቴ ኪስ ውስጥ አለ።»

«ወንድምዓለም፣ ተው።»

«ግማሽ ጨረቃ ነው የጫርኩት።»

ሳቂታዋ «በእህትህ ላይ?» አለች።

«አንድ ድምፅ ምን ያደርጋል ብዬ ነው እትዬ» አለ። «ሁሉም ይወድሻል፤ አንድ ገል ምንም አያደርግሽም ብዬ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ የእትዬ ወንድም ነኝ። አንድ ቀን እንኳ… አንድ ጊዜ እንኳ ያለ አንቺ ምን እንደሆንኩ ልየው ብዬ ነው። ከዚያ ጋሼ ሲቆጥር፣ ጨረቃ፣ ጨረቃ ሲል፣ እኔ ብቻዬን የገደልኩሽ መሰለኝ። ማታ ልነግርሽ ነበር። ሻዩን አስቀምጬ ልነግርሽ ነበር።»

ቀስ ብሎ ሽርጡን ፈታ። ዓሣው ሥር ሰቀለው። ማንም ሂድ አላለውም፤ ማንም ቅርም አላለውም። እትዬ ከኋላው ሁለት እርምጃ ሄደችና ቆመች። አልጠራችውም። ያስቀመጡት ውል ውል ነው፤ እሷም አብራ ነበር ያስቀመጠችው።

በሩ ተዘጋ። ጭቃ አቡኪው ጓሮ ወጥቶ ውኃ አመጣ። እትዬ መዘውሯ ላይ ተቀመጠች። አንድ ጉብታ ጭቃ መሐሉ ላይ ጣለች። ጭቃው አልታዘዛትም፤ ወደ ጎን ተንጋደደ፣ ደግማ አቃናችው።

«ጋሼ» አለች፣ ቀና ሳትል። «እነዚያ ግሪኮች፣ አንዴ ካስወጡት በኋላ፣ ጊዜው ሳያልቅ መልሰው የጠሩት ሰው የለም?»

ጋሼ መነጽሩን አድርጎ መጽሐፉን ከፈተ። «አለ። ክፉ ቀን ሲመጣባቸው ጠርተዋል። ያስወጧቸውን ሰዎች፣ ጊዜያቸው ሳያልቅ፣ ተመለሱ ብለው ጠርተዋቸዋል።»

ነጎድጓድ በምድጃው አፍ ላይ ተቀምጦ ፊቱን ወደ እሳቱ አዞረ። ሳቂታዋ እጀታ መጠቅለል ጀመረች።

«እንግዲያው» አለች እትዬ፣ «እሱን ቦታ ያንብቡልን።»